በአለቃዬ እጅ የተጻፈ

ጥቅምት 4

ለማትታክቺው መርፌዬ፣

ሰላምታዬ ደጃፍሽ ደርሶ በር ሲያንኳኳ ማን ነው ብለሽ እንዳታስጨንቂው፤ እኔ ነኝ፣ የአያትሽ ታናሽ ወንድም፣ ያ መዘዘኛ ልብስ ሰፊ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሳቅሽ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ ገና አላመፀም። አለቃዬም ደህና ናት፤ ሳምልኝ ብላለች። መቼም ሚስቴን አለቃዬ የምላት ለክብሯ እንዳይመስልሽ፤ አምሳ ዓመት ሙሉ እሷ እያዘዘች እኔ ስለምሰፋ ነው።

በየስድስት ወሩ የምትልኪው ፖስታ አምስተኛው ደርሶን እንዳዘዝሽው አድርገን ይኸው መልሰናል። አሥሩን ቃል አንብበን ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ ከተትን፤ ሃያ ደቂቃ ሌላ ሥራ ሠራን፤ ከዚያ ጭንቅላታችን ውስጥ የተረፈውን ጻፍን። በሃያው ደቂቃ እኔ የሱሪ እግር አጠፍኩ። ስምንቱን አስታወስኩ። ሁለቱ የት እንደገቡ እንጃ፤ እዚያ ከመጡ መልሺልኝ። አለቃዬም ስምንት። እኩል ወጥተናል። «የትዳር ጓደኛዎ ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምን ለውጥ አሳይቷል?» ለሚለውም ሁለታችንም «የለም» ብለናል። ፀጉር ሄዷል፣ እሱ ግን ከድሮም ሲሄድ ነበር።

የጤነኛ ሽማግሌ ዝንጋታ መቼና በየት በኩል ወደ በሽታ እንደሚሻገር የምታጠኚ መሆንሽን ለደንበኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። ርዕሰ መምህሩ «ታዲያ እርስዎ ለጥናቱ ምኑ ነዎት?» አለኝ። «እኔ ገና ያልተሻገረው ነኝ፤ የተሻገሩትን የሚያውቁት እኔን አይተው ነው» ብዬው ኮራሁ።

እሱን ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው ሳምንት ጃኬቱን ሊሞክር መጥቶ ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ግራ! መስታወቱ ፊት እንደ ተሰበረ አሻንጉሊት ቆመ። «ቀኝ እጅዎ የተማሪ ጆሮ ከመቆንጠጥ ይረፍ ብዬ ነው» ስለው ሳቀ፤ ፈትቼ ሠራሁለት። ጥፋቱ የኔ ነው። አለቃዬ አይደለችም የገጠመችው፤ እኔ ነኝ።

በይ ዕድሜሽ ከክር ጥቅል ይርዘም፣ ቋጠሮ አይግጠምሽ።

አያትሽ (ትርፉ አያት)


ኅዳር 9

ለተከበሩ አባባ፣ ለማይጠገቡት እማማ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረሳችሁ። ፈጣሪ ለሁለታችሁም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ጠዋት ማቀዝቀዣ ከፍቼ የደም ናሙና እደረድራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እንደናንተ ያሉ ሰዎችን አስቀምጬ ቃል አስታውሱ እያልኩ አስቸግራለሁ። ትናንት አንዲት ጡረታ የወጡ ቲኬት ቆራጭ «ልጄ፣ የረሳሁትን ካወቅሽው ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ብለው አሳቁኝ። እርስዎን አስታወሱኝ።

አባባ፣ ስለ ሥራዬ ለደንበኛ ሲያወሩ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ። ሁላችንም ስናረጅ እንዘገያለን። ቃሉ አለ፤ የተቀመጠበት መሳቢያ ነው ቶሎ አልከፈትም የሚለው። ትንሽ ፍንጭ ሲሰጡን ይከፈታል። ይህ እርጅና ነው፣ አያስፈራም። አልዛይመር ሲሆን ግን መሳቢያው ቢከፈትም ውስጡ ባዶ ነው፤ ነገሩ መጀመሪያውኑ አልገባበትም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በጣም ቀጭን ነው። ስለዚህ አንድን ሰው ከጎረቤቱ ጋር አናወዳድረውም። ከራሱ ጋር ነው። የአምናዋን እማማ ከዘንድሮዋ እማማ ጋር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወረቀቶቻችሁ ላይ እማማ አንድ ጊዜ ዘጠኝ፣ አንድ ጊዜ ስምንት አስታውሰዋል፤ የረሱትም ከእርስዎ የተለየ ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ሁለታችሁም ሁልጊዜ ስምንት ናችሁ። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። በሦስተኛው ሁለታችሁም «ድልድይ» እና «ማበጠሪያ»ን ረሳችሁ። በአራተኛው ሁለታችሁም «ፍየል» እና «መሰላል»ን። በአምስተኛው ሁለታችሁም «ከበሮ» እና «ወንበር»ን። ሁለት ሰው እኩል ሊረሳ ይችላል፤ ሦስት ጊዜ ሙሉ ያንኑ ቃል ግን አይረሳም።

ምናልባት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ እየተነጋገራችሁ ይሆናል የጻፋችሁት። ከሆነ ምንም አይደለም፤ ብቻ ይንገሩኝ። በከተማችሁ አብራን የምትሠራ ነርስ አለች። ቤት መጥታ ሁለታችሁንም በተለያየ ክፍል ብታያችሁ ደስ ይለኛል። በስልክ ያልጠየቅኩዎት ቀልደው እንደሚያመልጡኝ ስለማውቅ ነው።

እጃችሁን እስማለሁ።

መርፌ


ታኅሣሥ 28

ለነገረኛዋ መርፌዬ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በደስታ ያግኝሽ፤ ሁለቱም ቤት ከሌሉ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው። መልሴ ዘግይቷል። የተማሪ ዩኒፎርም ተደራርቦብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ ግን የዩኒፎርም ወቅት መቼ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በየክረምቱ እኔ ጋ ቁልፍ ስትተክዪ አይደል ያደግሽው?

ስለ ስድስቱ ቃላት ያልሽውን አነበብኩ። ምን ይገርምሻል? አምሳ ዓመት አንድ ትራስ ላይ የተኛ ሰው ሕልሙም አንድ ነው። እሷ ስታስነጥስ መሐረብ የምፈልገው እኔ ነኝ። ድልድይና ማበጠሪያ ተያይዘው ቢጠፉብን እንደ ሌባ ምርመራ ልታካሂጂብን ነው? እንዲያውም ለጥናትሽ አዲስ ነገር ነው፤ «ያገባ ሰው በጋራ ይረሳል» ብለሽ ጻፊና ተሸለሚበት።

ነርሷን አትላኪ። ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው። ከቀለሙ ቀጥሎ ጣሪያው ይጠገናል። ከጣሪያው በኋላ የሆነ ነገር ፈልጌ አላጣም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለራሴ አይደለም። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ መልኩም እንደኔ ያምራል። ሚስቱ ድሮ የአርባ ሰው ልክ፣ የወገብ፣ የትከሻ፣ የእጅጌ፣ ደብተር ሳታይ ትጠራ ነበር። አሁን ፊቷ የቆመውን ሰው ስሙን ጠይቃ ትጽፋለች፤ ትከሻውን ጽፋ ስሙን ትጠይቃለች፤ ወገቡን ጽፋ ስሙን ትጠይቃለች። ሰውየውም እየሳቀ ይመልስላታል፤ በሦስተኛው ግን ወደ ባልየው ዞር ብሎ ያያል። ያ አስተያየት መጥፎ ነው። ባልየው እንዲህ ይለኛል፦ «የተኮሰችውን ሱሪ አጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ ሻይ ጠጥታ ትመለስና ያንኑ ሱሪ ዘርግታ ትተኩሰዋለች። አንዴም ሦስተኛ ጊዜ። ሱሪው በተኮሰችው ቁጥር ያምራል፤ እኔ ግን ካውያው ሹ ሲል በሰማሁ ቁጥር የትኛው ሱሪ ነው ብዬ ተነስቼ አያለሁ።»

ይኼ እርጅና ነው ወይስ ያኛው? አንድ መስመር ይበቃዋል። ሰውየው መልሱን ስለሚፈራ ራሱ አይጽፍልሽም።

አለቃዬ ደህና ናት። ደህና ናት አልኩሽ እኮ።

አያትሽ


ጥር 10

ለውድ አባባ፣

እንደምን አላችሁ? ፈጣሪ ከክፉ ይሰውራችሁ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ነው የምመልሰው።

ለደንበኛዎ ይንገሩልኝ። መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳት እርጅና ነው። ስም ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ብቅ ማለቱም እርጅና ነው። አሁን የጠየቁትን አሁኑኑ ደግሞ መጠየቅ፣ የሠሩትን እንዳልሠሩ ደግሞ መሥራት፣ ዕድሜ ልክ እጅ የለመደው ሥራ ላይ መደናገር ግን መታየት አለበት። በሽታው ነው አላልኩም። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ማነስ፣ የጆሮ መድከም፣ የቆየ ሐዘንም ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። እያንዳንዷ ወር ዋጋ አላት። በሽታው ከሆነም የሚያመጣው የፕሮቲን ዝቃጭ አእምሮ ውስጥ መከማቸት የሚጀምረው ሰው ሳያውቀው ከአሥራ አምስትና ሃያ ዓመት በፊት ነው። ያ መከማቸት ኖሮባቸው እስከ መጨረሻው ደህና የሚኖሩ ሰዎችም አሉ፤ ለምን እንደሆነ አናውቅም። እኔ እንቅልፍ የማጣው ለዚህ ጥያቄ ነው።

አሁን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። የደንበኛ ልክ የምትጽፍ ሚስት ያለችው ስንት ደንበኛ አለዎት፣ አባባ?

ሁለቱን ግራ እጅጌዎች ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጡም። እማማ እጅጌ ሲገጥሙ አጠገባቸው ተቀምጬ አድጌያለሁ። እርስዎ እጅጌ ገጥመው አያውቁም።

ይጻፉልኝ። አይቀልዱ።

መርፌ


መጋቢት 21

ለመርፌዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታውን ላሳምረው አልቻልኩም፤ ይቅር በይኝ።

ሰውየው እኔ ነኝ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ የሱቁ ስልክ ያለው አለቃዬ ከምትቀመጥበት ወንበር አጠገብ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ፖስታ የመጣ ቀን፣ ሃያው ደቂቃ ሲሞላ እርሳሷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። እኔ ጽፌ ጨረስኩ። እሷ አምስት ቃል ጽፋ ወረቀቱን ማየት ጀመረች። እርሳሱን ጫፉን እየነከሰች ቆየችና «አምስት ብቻ ነበሩ አይደል?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም። «አዎ፣ አምስት ናቸው» አልኳት። መርፌዬ፣ በሕይወቴ ብዙ ቀልጃለሁ፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኋት።

አንድ የሥራ ልማድ አለኝ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አለቃዬ ለእጅጌና ለኮሌታ ወደር የላትም፤ የቀሚስ ጠርዝ ግን እጇ ላይ ይጠማዘዛል። ገና ስንጋባ ስነግራት አኮረፈች፤ ሁለተኛ አልነገርኳትም። ወጣ ስትል እፈታዋለሁ፣ አቃንቼ መልሼ እሰፋዋለሁ፣ ዝም እላለሁ። እሷም ቀጥ ብሎ ስታየው ደስ ይላታል፤ ደንበኛውም አያውቅም። አምሳ ዓመት እንዲህ ኖርን፤ ማን ተጎዳ? ወረቀቱንም እንደዚያው አደረግኩት፤ የሷን አንስቼ በሷ ጽሕፈት ሌላ ጻፍኩ። አንቺ ደግሞ ቢበላሽ ብለሽ ትርፍ ወረቀት ትልኪያለሽ፤ ግማሹ ጥፋት ያንቺ ነው። ጽሕፈቷን እንደሆነ አምሳ ዓመት የልክ ደብተር ላይ አይቼዋለሁ፤ ከራሴ ፊርማ ይልቅ የሷን እጅ እችልበታለሁ።

የቃላቱን ዝርዝር ግን አላየሁም! ማጭበርበርም ወግ አለው። ከራሴ ጭንቅላት የተረፈውን ነው ያካፈልኳት። የያዝሽኝም በዚሁ ጨዋነቴ ነው፤ ትንሽ ብባልግ ኖሮ አታገኚኝም ነበር።

ለምን እንዲህ እንደፈራሁ አንቺ ታውቂዋለሽ። አያትሽ፣ ያ እንደ ግንብ የቆመ ታላቅ ወንድሜ፣ በመጨረሻው ዓመት የገዛ ጫማውን እያየ «የማነው ይኼ? ባለቤቱ ይፈልገው ይሆናል» ይል ነበር። እኔንም አንድ ቀን «አንተ ልጅ ደግ ትመስላለህ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽታውን ስጠብቀው የኖርኩት በራሴ ላይ ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የደንበኞቼን ስም እቆጥራለሁ። አንድ ስም ከጎደለኝ ቁርስ አይወርድልኝም። እኔ ራሴን ዘብ ቆሜ ስጠብቅ በሽታው አጠገቤ ተቀምጦ ልክ ይጽፍ ነበር።

እስካሁንም ዝም እል ነበር፤ ማክሰኞ ግን ክር ልግዛ ብላ ወጣች። ክር ቤቱ ከደጃችን ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አንድ ጃኬት ገበር አስገብቼ ጨረስኩ፣ አልመጣችም። ስወጣ በክር ቤቱና በእኛ መካከል ካለው መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት፣ ጣሪያው ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሰማያዊ ክር ይዛለች። ትክክለኛውን ሰማያዊ ነው የገዛችው። «ምን ሆነሽ ቆምሽ?» አልኳት። «እስኪያባራ ነው» አለችኝ። ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። መዳፌን ከጣሪያው ወደ ውጭ ዘርግቼ «አባራ መሰለኝ፣ እንሂድ» አልኳት። ቀና ብላ ሰማዩን አይታ «ዝናብ ነበር እንዴ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ወንበሬን በሩ ፊት አድርጌ ነው የምሰፋው።

ሦስቱን የሷን እውነተኛ ወረቀቶች አልጣልኳቸውም። ልብስ ሰፊ የቀደደበትን ወረቀት አይጥልም። ከካርቶን ልኮቹ ጋር ጠቅልዬ አስቀምጫቸው ነበር፤ ይኸው ልኬያቸዋለሁ። እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

አያትሽ


ሚያዝያ 6

ለአባባ፣

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጣችሁ። ለእኔም ትንሽ ይትረፈኝ።

ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎን ዘረጋኋቸው። ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አምስት፣ አራት፣ ሁለት። ይህንን መስመር በሌላ ሰው ላይ ባየው የምለውን አውቃለሁ። በእማማ ላይ ሲሆን ግን እስኪብርቶዬን አስቀምጬ ከክፍሉ ወጣሁ።

ተናድጃለሁ። ልንገርዎ እንጂ። እማማን ጤነኛ ብለን የመዘገብንበት ቁጥር የሌሎችን ሰዎች መዳከም የምንለካበት ሜትር ነበር። እርስዎ የሚለኩበትን ሜትር አንድ ሰው በድብቅ ሁለት ጣት ቢቆርጥብዎ ምን ይሉታል? ለኃላፊዬ ነግሬ ቁጥሮቹን አስወጣሁ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ይለፍ። የማያልፈው የአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ነው። የሚታከም ነገር ከነበረ አንድ ዓመት ተኩል ጠብቆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ልተወው አልቻልኩም። በአራተኛው ወረቀት፣ ከአሥር ቃል አራት ብቻ በጻፉበት ገጽ ላይ፣ የትዳር ጓደኛዎ ምን ለውጥ አሳይቷል ለሚለው እማማ በእጃቸው እንዲህ ብለዋል፦ «ቀልዱ በዝቷል። የፈራ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ይህን አንብበው ነው «የለም» ብለው የገለበጡት።

አባባ፣ እማማ ቃላቱን አላስታወሱም፤ እርስዎን ግን ከማናችንም በፊት አይተዋል። ብቻቸውን ነበሩ ያዩት። ነርሷ ግንቦት አምስት ጠዋት ትመጣለች። ቀለምም ጣሪያም አልሰማም። ከዚያ በፊት ለምን እንደምትመጣ ይንገሯቸው፤ ሐኪሙ የሚለውንም ከእርስዎ አፍ ይስሙት። ጭንቅላቱ የእሳቸው ነው። ከእንግዲህ የእሳቸውን ስፌት አይፍቱባቸው።

እወድዎታለሁ።

መርፌ


ሰኔ 11

ለመርፌዬ፣

በሰላም ዋይልኝ፣ በሰላም እደሪልኝ፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዛሬ አፌ ላይ የለም።

ነርሷ መጣች። ጫማዋ ሲረግጥ እንደ ጫጩት ይጮሃል፤ ቁም ነገር ስትናገር ሳቄን ለመያዝ ተቸገርኩ። መጀመሪያ እኔን መኝታ ቤት አስቀምጣ ፈተነችኝ፤ አሥር ደቂቃ ያህል አላገጥኩባት። ስትጨርስ «ለዕድሜዎ ልክ ነዎት፣ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ» አለችኝ። መርፌዬ፣ ደህና ነህ መባል እንዲህ ያስለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ቢሆን እኔ መሆን ነበረብኝ። ስዘጋጅ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ እሷን የሥራ ክፍሉ ውስጥ ይዛት ገባች። በሩ ተዘግቶ አይገጥምም፤ እኔ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ፣ አትፍረጂብኝ። ፍንጭ ስትሰጣት እሰማለሁ። «ከዕቃ ዓይነት ነው፣ የሚቀመጡበት…» ትላታለች። አለቃዬ «የቱ ዕቃ?» ትላለች። ያንቺ መሳቢያ ትዝ አለኝ።

ደሟን መረመሩ። ቫይታሚኑም ዕጢውም ጆሮዋም ደህና ነው ተባለ። ደህና በተባለ ቁጥር የማመልጥበት በር አንድ አንድ እያለ ተዘጋ። ከዚያ እንደ በርሜል ያለ የሚያንኳኳ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው ጭንቅላቷን በፎቶ አነሱት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ስሙን ሳያድበሰብስ ተናገረው። አልዛይመር፣ ገና ሳይጠና። አለቃዬ አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ የሐኪሙን ጋውን እጅጌ ያዝ አድርጋ «ይቺ አጭር ናት፤ ማን ሰፋልህ?» አለችው። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እስቲ አስቢው።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ «ምን አለ?» አለችኝ። ነገርኳት። አንቺ እንዳልሽው፣ በራሴ አፍ፣ ሳላጣፍጥ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እጄን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ስንጨርስ «በቃ፣ ነግረኸኛል» አለች። ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ።

ቤት ገባን። ኮቷን ሰቅላ፣ ጫማዋን ቀይራ፣ ፊቴ ቁጭ አለችና «ታዲያ ሐኪሙ ምን አለ?» አለችኝ።

ነገርኳት። አሁንም እንደ አዲስ ነው የመታት። ያው ለቅሶ፣ ያው እጅ። ያለቀሰችውን አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «ትናንት ሐኪም ቤት ሄደን አልነበር? ምን አሉን?» አለች። «ቫይታሚን ነው ያነሰሽ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ምንኛ ቀላል ነበር! ቁርሳችንን በሰላም በላን ነበር። ማበጠሪያውን አውርዳ ዞረችና «አሁን ልትቀልድብኝ ነው» አለችኝ። «ልትዋሽ ስትል አፍንጫህ ይነፋል።» አምሳ ዓመት ይህን አልነገረችኝም። ሦስተኛ ጊዜ ነገርኳት።

ከለቅሶው በኋላ ጉንጯን ጠርጋ «ስትነግረኝ ስንተኛህ ነው?» አለች።

«ሦስተኛዬ።»

«ያደክምሃል።»

«አንቺን ነው የሚያደክምሽ።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ፣ እረሳዋለሁ» ብላኝ ሳቀች። ጎበዝ፣ ቀልዱን ሳይቀር ነጠቀችኝ እኮ! «ወረቀት አምጣ» አለች። አመጣሁ። ራሷ ጻፈችው። ጊዜ ወሰደባት፤ ፊደሏ ግን ያው የልክ ደብተሩ ፊደል ነው፣ ጥርት ያለ። እንዲህ ይላል፦

«የመርሳት በሽታ ይዞኛል። ሐኪም አይቶኛል። ባሌ ነግሮኛል፤ አልቅሻለሁ። ካውያ ብቻዬን አልይዝም። ክር የምገዛው ከሱ ጋር ነው።»

መስታወቱ ጎን ለጠፈችው። ይኸው ሃያ ስድስት ቀን ሆነ። በየማለዳው ልታበጥር ትቆማለች፣ ወረቀቱን ታያለች፣ ታነባለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ። አንብባ ስትጨርስ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ ታስኬድና «ይኼ የእኔ ጽሕፈት ነው» ትለኛለች። «ያንቺ ነው» እላታለሁ። «እንግዲያ እውነት ነው» ትላለች። አንዳንድ ቀን ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ማበጠሯን ትቀጥላለች። እኔን አትጠይቀኝም። በዓለም ላይ የምታምነው አንድ ነገር ቢኖር ያ የራሷ እጅ ነው።

አሁን የፈራሁትን ልንገርሽ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ያንን እጅ ሦስት ጊዜ አስመስዬዋለሁ፤ አንቺና አዋቂዎችሽም አልለያችሁትም። እርሳስ ኪሴ ውስጥ አለ። ወረቀት ሞልቷል። «ደህና ነኝ፣ ምንም የለብኝም» ብዬ በሷ እጅ ጽፌ መስታወቱ ጎን ብለጥፍ፣ ጣቷን አስኬዳበት «እንግዲያ እውነት ነው» ትላለች፤ ፈገግም ትላለች። በየማለዳው በሩ ላይ ቆሜ ይህን አስባለሁ። ቁጭ ባለችበት ቀን ይብስብኛል። በሽታውን ፈራሁ፣ ሞትን ፈራሁ፤ እንደዚህ ራሴን ፈርቼ አላውቅም።

ስለዚህ ይህን አስቀምጪልኝ። ያንኑ ቃል ሁለተኛ ወረቀት ላይ ራሷ እንድትጽፍልኝ ለምኛት ጽፋለች፤ ከዚህ ጋር አብሮ አለ። እኔ የማልደርስበት ቦታ ቆልፊበት። አንድ ቀን ነርሷ መጥታ መስታወቱ ጎን ሌላ ነገር ተጽፎ ብታገኝ፣ ወይም ላንቺ በዚያው እጅ «ደህና ነኝ» የሚል ወረቀት ቢደርስሽ፣ የኔ ነው መርፌዬ፤ እንዳታምኚው።

አያትሽ